ኮታ ወይስ ስርጭት፦ ሊባኖስና ናይጄሪያ

ፖለቲካ ከብሔርና ከሃይማኖት ይልቅ በሀብታምና ድሃ መደብ ዙሪያ እንዲደራጅ የሚረዳው የትኛው ሥርዓት ነው? ሊባኖስ ለሃይማኖት በይፋ ወንበር ትመድባለች፤ ናይጄሪያ ግን የፓርቲ ስምና አርማ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን እንዳያንጸባርቅ ትከለክላለች።

በሊባኖስ ከ1943 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ወዲህ ፕሬዚዳንቱ ማሮናዊ (የካቶሊክ ክርስቲያን)፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ፣ አፈ ጉባኤው ሺዓ ነው። 128ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ለክርስቲያኖችና ለሙስሊሞች እኩል ይከፈላሉ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱን ለማብቃት እስከተደረገው የ1989ኙ የጣኢፍ ስምምነት ድረስ ክፍፍሉ 6 ለ5 ለክርስቲያኖች ያደላ ነበር። ሕዝቡ ቢለዋወጥም ቀመሩን የሚፈትን ቆጠራ የለም፤ የመጨረሻው የተካሄደው በ1932 ነው። የሠራተኞች ፓርቲ እንኳ ቢቋቋም፣ እጩው የሚወዳደረው ለአንድ እምነት በተመደበ ወንበር ስለሆነ መደብ መግቢያ በር ያጣል።

በናይጄሪያ ለፕሬዚዳንትነት አብላጫ ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ግዛቶች 25 በመቶ ማግኘት ግድ ነው። በ1979 ግዛቶቹ 19 ነበሩና የ19 ሁለት ሦስተኛ 12⅔ ነው ወይስ 13 የሚለው ሙግት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የፕሬዚዳንታዊ እጩው የሸሁ ሻጋሪ አሸናፊነት ጸና። (ሕግ አርቃቂ ክፍልፋይን ሲረሳ እንዲህ ነው።) እጩው ከአካባቢው ውጭ ድጋፍ መፈለጉ ስለማይቀር ይህ መንገድ ከሊባኖሱ ይሻላል። ድጋፉ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ በሹመት ድልድል ነው፤ ስለዚህ ድሃን ከድሃ የሚያሰባስብ ፓርቲ እዚያም አቅመ ቢስ ነው።