ሦስት ሳምንት ሌላ ቦታ፦ የተቀየርኩት እኔ ነኝ ወይስ ክፍሉ?

እንቅልፌ ከተበላሸ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በሽታ የለብኝም። በቃ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ላይ አፈጣለሁ፣ ጠዋት ደግሞ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው ላይ እጮኻለሁ። ብዙውን ጊዜ እህቴ ላይ። እንደዚህ ሆኜ ሳለሁ ነው «ቦታዎን ይቀይሩ፤ ራስዎን ይለውጡ» የሚለውን ማስታወቂያ ያየሁት። አገልግሎቱ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ የ21 ቀን ቆይታ ነው፤ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደውለው ያናግሯችኋል። ስማቸውን አልጠቅስም። እንዲህ ዓይነት ቆይታ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፣ ማስታወቂያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እኔ መናገር የምፈልገው ያ ቃል እውነት ስለመሆኑና ስላለመሆኑ ነው።

ከጥሩው ልጀምር፣ ጥሩው ብዙ ነውና። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ዛፍ የሚያሳይ መስኮት አለ። ሌላ ምንም የለም። ስልክ በር ላይ ይረከቡና በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሰጧችኋል፣ እሱንም የጋራው ክፍል ውስጥ እንጂ መኝታ ቤት ይዞ መግባት አይቻልም። ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ይጠፋል። ደስ ያለኝ ነገር ማንም አይሰብካችሁም። ትምህርት የለም፣ ምክር የለም፣ ቤቱ ራሱ ነው ሥራውን የሚሠራው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። እጄ ትራሱ ስር ስልክ ይፈልጋል። በአራተኛው ሌሊት መብራቱ ሳይጠፋ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ መነሳት ጀመርኩ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት አነብባለሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ከሰዎቹ ጋር አወራለሁ፣ በእነዚያ ሁሉ ቀናት አንድም ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አልተናገርኩም። ሰባት ነበርን። ማናቸውም አያውቁኝም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው «አሁን ሊቆጣ ነው» ብሎ ነው የሚጠብቀኝ፤ እዚያ ግን ቁጣዬን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ አልተቆጣሁም። ሰውም የቦታው አካል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ይህ ተረት እዚያ እያለሁ ብዙ አሳስቦኛል። እውነት እኔም የማያውቁኝ ሰዎች ጋ ሄጄ ያልሆንኩትን እየሆንኩ ነው? በመጀመሪያው ሳምንት ምናልባት አዎ። ግን ማስመሰል ያደክማል፣ እኔ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ምንም ድካም አልነበረብኝም። ያ የተረጋጋ ሰው እኔው ነበርኩ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚሉትም እነዚያው አባቶች ናቸው። ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ይመስሉኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም፤ የጊደሯ ስለሚለመድ ነገር ነው የሚናገረው፣ የጅቡ አብሮን ስለሚሄድ ነገር።

አብሮኝ የሄደ ነገር ነበረና። ከእኛ መካከል አንዲት ሴት በየማለዳው ተነስታ ትጽፍ ነበር፣ ሳታቋርጥ፣ ገጽ በገጽ ላይ። በአሥራ አንደኛው ቀን አካባቢ ሳያት ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተቆነጠጠ። አውቀዋለሁ። ቅናት ነው። ቤት እያለሁ ስልኬ ላይ የሌሎችን ሥራና ጉዞ ሳይ የሚሰማኝ ያው ስሜት። ስልኩን ሲወስዱብኝ አብሮ የቀረ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሻንጣዬ ውስጥ ነበር የመጣው፣ ስልክ ሲያጣ ሰው ፈለገ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን የምናገረው ማስታወቂያው «ራስዎን ይለውጡ» ሲል ይህንንም ጨምሮ ቃል እየገባ ስለሆነ ነው።

21ዱን ቀን ጨርሼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። የተረጋጋው ሰው ግን ቤቴ ውስጥ አሥር ቀን እንኳ አልሞላም። በዘጠነኛው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ ነበርኩ። እልህ አልነበረም፣ ጭንቀት አልነበረም፤ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል እጄ ቻርጀሩ ወዳለበት ጎን በራሱ ጊዜ ሄደ። ጠዋት እህቴን ተቆጣኋት። በጣም አዘንኩ፣ ገንዘቤም ሦስቱ ሳምንትም ባከነ ብዬ።

ያኔ ነው ስለ ቬትናም ወታደሮች ያነበብኩት ትዝ ያለኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም ወደ አሜሪካ የተመለሱ ወታደሮችን ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ ተከታትላ ነበር። 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ሆነው እንደነበር ተናግረዋል። ሁሉም ሰው የፈራው አገራቸው ገብተውም ይቀጥላሉ ብሎ ነው። ግን ሱሰኛ ከነበሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ሆኑ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ «ቦታ ሰውን ይለውጣል» ለማለት ይጠቀሳል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ሱሱን የለመዱት እዚያው ነው፤ ጦርነቱ፣ ስልቹነቱ፣ በየቦታው የሚገኘው ርካሽ ሄሮይን እዚያ ቀረ፣ እነሱ ቤታቸው ገቡ። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። እኔ ክፉውን የለመድኩት ቤቴ ውስጥ ነው፣ ጥሩውን ደግሞ ሌላ ሰው ቤት። ስመለስ ጥሩውን እንቅልፍ እዚያው ትቼው መጣሁ፣ ክፉው ደግሞ አልጋዬ ጎን ሆኖ እየጠበቀኝ ነበር።

አሁን ስለ ስልክ ጥሪዎቹ። የመጀመሪያው ምንም አልጠቀመኝም። «ቆይታዎ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፣ ጥሩ ነበር አልኩ፣ አለቀ። ሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ የደወለችው ሌላ ሴት ነበረች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላጽናናችኝም፣ አልመከረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ስልክዎ የት ነው የሚያድረው?»

ለሃያ ደቂቃ ስለ መኝታ ክፍሌ አወራን። አልጋው ወዴት ዞሯል፣ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ምን ላይ ነው፣ ወንበር አለ ወይ። በዚያው ቀን ቻርጀሩን ሳሎን አስገባሁት። ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዛሁ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ልብስ የሚከመርበትን ወንበር ባዶ አድርጌ መጽሐፍ አስቀመጥኩበት። ይኸው አምስት ወር ሆነኝ፣ በአብዛኛው ሌሊት ከ5 ሰዓት በፊት እተኛለሁ። ጠዋት ላይ የምጮኸውም በጣም ቀንሷል፤ ለካ ግማሹ ቁጣ የእንቅልፍ እጦት ነበር። እህቴ ግን አሁንም አንዳንዴ ገና ሳልናገር ፊቴን ታያለች። አልፈርድባትም፣ ጊዜ ይፈልጋል። ቅናቱ ደግሞ እንዳለ ነው። እሱን አልጋ በማዞር ላስወግደው አልቻልኩም፣ ስለ እሱ ከአንድ ወዳጄ ጋር በግልጽ ማውራት ጀምሬያለሁ።

የዚያች ሴት ጥያቄ በዘፈቀደ የመጣ አይመስለኝም። ዌንዲ ውድ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ዩኒቨርሲቲ የቀየሩ ተማሪዎችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው ሥራ አለ። ስፖርት መሥራት፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት የመሰሉ ልማዶች አዲሱ ቦታ ላይም የሚቀጥሉት ልማዱ የሚፈጸምበት ሁኔታ ከድሮው ጋር ሲመሳሰል ነው። ሁኔታው ሲለወጥ ልማዱ ይላላል፣ ሰውየው ያሰበውን ለማድረግ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ አገር ለቆ መሄድ የግድ አይደለም። ቻርጀር ማንሳትም ሁኔታ መለወጥ ነው።

ታዲያ ለምን ሩቅ ቦታ ይማርከናል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካኔማን ከአንድ ባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት የካሊፎርኒያና የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ተማሪዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ሁለቱም ወገኖች «ካሊፎርኒያ ያሉት የበለጠ ደስተኛ ናቸው» ብለው ገምተው ነበር። ቦታን ስናስብ የሚታየን የሚለየው ነገር ነው፣ አየሩ፣ ዛፉ፣ ጸጥታው። ሳንለወጥ ይዘነው የምንሄደው አይታየንም። እኔም ማስታወቂያውን ሳይ የታየኝ መስኮቱ ብቻ ነበር።

ለቤቱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ ለሁለተኛው ጥሪ 5፣ ለማስታወቂያው 1። በጠቅላላው 3። በጣም ለደከመው ሰው እንዲሄድ እመክራለሁ፣ ዕረፍቱ የእውነት ዕረፍት ነው፣ እንቅልፍ መተኛት እንደምችልም ያወቅኩት እዚያ ነው። «ሌላ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ» ብሎ ለሚሄድ ግን አልመክርም። የአስተያየት ቅጻቸው ላይም ያቺ የሃያ ደቂቃ ወሬ ከመመለስ በኋላ ሳይሆን ከመሄድ በፊት ትሁን ብዬ ጽፌያለሁ። እስኪያስተካክሉት ድረስ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍል አውጡት፣ ወይም እናንተ በሌላችሁበት አልጋውን የሚያዞርላችሁ ሰው ለምኑ።