በአዘዞ መንገድ ያለው የፋይበር ቤት፦ ጉብታው ላይ ጎበዝ፣ ጥጉ ላይ ቸልተኛ

ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ ፋይበር ግላስ ቤት የባጃጅ ፓራፋንጎና የሚኒባስ ፓራውልት ይሠራል። የተሰበረውን ከመለጣጠፍ ይልቅ ሞልድ (የዕቃውን ቅርጽ የሚሰጥ ማውጫ) አውጥቶ አዲስ መለበጡ ከተራው ባቲላሜራ ቤት ይለየዋል።

የሚመሰገንበት ነገር ከመስታወት ክር የተሸመነውን ጨርቅ ሬዚን (ጨርቁን አርጥቦ የሚጠነክረው ፈሳሽ ፕላስቲክ) ሳይነካው በደረቁ ሞልዱ ላይ መሞከሩ ነው። እንደ ቱቦ ባንድ አቅጣጫ ብቻ በጎበጠ ነገር ላይ የትኛውም ጨርቅ ይተኛል። የፓራፋንጎ ጫፍ ግን በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ስለሆነ ጨርቁ የሚተኛለት ክሮቹ መተላለፊያቸው ላይ ዞር ካሉ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ጨርቁን በማርከር 5 በ5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ያሰምሩና ያለብሱታል፤ ካሬው ይጋደላል። 90 ዲግሪ የነበረው ማዕዘን ወደ 50 ገደማ ሲወርድ ክሩ ይቆለፋል፣ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት መሸብሸብ ነው። እዚያ ላይ ሰንጥቀው 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ያደራርባሉ፤ የሚቀጥለው ድርብ ስንጥቅ በዚያው ቦታ እንዳይውል ፈቀቅ ያደርጉታል። ዝም ካላችኋቸው ግን የሚያነሱት ተራውን፣ አንድ በአንድ የተሸመነውን ጨርቅ ነው። እሱ ቶሎ ይቆለፋል። ሁለት በሁለት የተሸመነውን፣ ትዊሉን፣ ጠይቁ፤ ዋጋው ቢጨምርም ለጉብታ እሱ ነው።

በማት፣ ማለትም ሳይሸመን በማጣበቂያ በተያያዘው የተከተፈ ክር ንጣፍ፣ ሥራቸው ብዙ የሚነቀፍ የለም። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነውን ማት ካረጠቡ በኋላ ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ በሬዚኑ ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለ ፈሳሽ እስኪሟሟ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣሉ፣ ከዚያ ነው በሮለር የሚጫኑት። ለ1 ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሬዚን ይበቃል።

የሚያስወቅሳቸው የመብራት ማስገቢያው ጥግ ነው። ፋይበር ሹል ጥግ ውስጥ አይገባም፣ ከወዲህ ወዲያ ይወጠርና ከሥሩ አየር ይቀራል። ጄልኮቱ (የዕቃው የላይኛው ቅብ) ከኋላው ደጋፊ ስለሌለው በመጀመሪያው ጠጠር ይፈረፈራል። የ12 ሚሊ ሜትር ፑንታ ለስላሳ እግር ሞልዱ ጥግ ላይ አስተኙ፤ ከሥሩ ክፍተት ከታየ የጥጉ ሬዲየስ ከ6 ሚሊ ሜትር ያንሳል ማለት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ከመለበጡ በፊት በሬዚንና በተከተፈ ፋይበር ሊጥ ጥጉን ሞልቶ ማክበብ። እነሱ ግን ይህን የሚያደርጉት ሲነገራቸው ነው። የተሠራውን ዕቃ ደግሞ ሂሳብ ሳትዘጉ በሳንቲም ጥግ ጥጉን አንኳኩት፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ባዶ ነው።

ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። የጎንደር የክረምት ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ ሬዚኑ ይዘገያል፣ ቀጥ ካለው ግድግዳ እየወረደ ታች ይጠራቀማል። ለማፍጠን ማጠንከሪያ ሲያበዙ ወፍራሙ ቦታ ግሎ ይሰነጠቃል። በክረምት የምታዙ ከሆነ ሥራው ረፋድ ላይ እንዲጀመር፣ ከሞልድ የሚወጣውም በማግስቱ እንዲሆን ተነጋገሩ፤ ሳይጠነክር የወጣ ፓራፋንጎ ይጣመምና የብሎኑ ቀዳዳ አልገጥም ይላል።