ቴይል ወይስ ጆርናልሲቲኤል?

ቱሉ ዲምቱ ባለችው ሱቄ መብራት በጠፋ ቁጥር ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር አብሮ ይወድቃል። ምን እንደተፈጠረ የሚናገረው የሎግ መዝገቡ፣ ማለትም ሲስተሙ የሠራውንና የገጠመውን የሚጽፍበት ፋይል ነው፤ የሚያከራክረው በቴይል (tail) ወይስ በጆርናልሲቲኤል (journalctl) ትእዛዝ ይነበብ የሚለው ነው።

ቴይል ጥንታዊና ቀላል ነው። የጽሑፍ ፋይልን የመጨረሻ 10 መስመሮች ያሳያል፤ ትንሹ ኤፍ (-f) የሚባለው አማራጭ ሲጨመርበት ደግሞ አዲስ መስመር በተጻፈ ቁጥር እየተከተለ ያወጣል። መዝገቡ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ሰርቨሩ አልነሳ ቢል እንኳ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒውተር ማንበብ ይቻላል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፦ ሲስተሙ አሮጌውን ፋይል ሰይሞ አዲስ ሲከፍት ትንሹ ኤፍ አሮጌውን እንደያዘ ይቀራል። ትልቁ ኤፍ (-F) አይሸወድም። እኔ ይህን እስክረዳ ድረስ አንድ ሙሉ ጠዋት ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጬአለሁ።

ጆርናልሲቲኤል የሚያነበው የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳውንና የሚቆጣጠረውን የሲስተምዲን መዝገብ ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስላልሆነ በዓይን አይነበብም፤ በምትኩ በአገልግሎት ስም፣ በሰዓትና በስህተት ክብደት እያጣራ ያቀርባል። ለእኔ ዋናው ነገር ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1 (-b -1) የሚለው አማራጭ ነው፤ ሰርቨሩ ከአሁኑ በፊት ከተነሳበት እስከ ወደቀበት ያለውን መዝገብ ብቻ ለይቶ ያወጣል። መብራት እንደ እኛ ሰፈር ለሚመላለስበት ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ብቻ መዝገቡ ዲስክ ላይ መቀመጡን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ ብቻ ከተያዘ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።

ዴቢያን 12 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲጫን ሲስሎግ የተባለው የቀድሞው ተራ ጽሑፍ መዝገብ አብሮ አይመጣም፤ እዚያ ቴይልን ለድረ ገጽ ሰርቨር ሎጎች ነው የማቆየው።