ባለ 24 ኢንች የሽቦ ክሬት፦ ፎስተር ለሚደረግ ትንሽ ውሻ ምን ያህል ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ከሼልተር (ከእንስሳት መጠለያ) የወጣ ትንሽ ውሻ ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ ፎስተር ለማድረግ፣ ማለትም በቤቱ በጊዜያዊነት ለማቆየት፣ ለተመዘገበ ሰው ቀድሞ የሚያስፈልገው ዕቃ ተጣጣፊ የሽቦ ክሬት (በር ያለው የውሻ ማደሪያ ሳጥን) ነው። የምንመክረው ባለ ሁለት በሩን፣ ባለ 24 ኢንቹን ነው። ወለሉ በሴንቲ ሜትር ወደ 61 በ46፣ ቁመቱ 48 ገደማ ይሆናል። በካሊፎርኒያ ሼልተሮች ለሚበዙት ቺዋዋ ለሚባሉት ትንንሽ ውሾችና ለድቅሎቻቸው፣ ከ3 እስከ 6 ኪሎ ለሚመዝኑት፣ ልካቸው ነው። ውሻውን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ለክታችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ቆሞ ከዞረና ተዘርግቶ ከተኛ በቂ ነው። «ይመቸው» ተብሎ የሚገዛው ባለ 30 ኢንች ግን ጣጣ ያመጣል። ትርፍ ቦታ ያገኘ ውሻ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል። ትልቁ ቀድሞ ቤት ካለ በማካፈያ ሽቦው አጥብቡት። ለመግዛት ከመቸኮላችሁ በፊት ግን ውሻውን የሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ፤ የሚያውሱ ብዙ ናቸው።

የጨርቁ ክሬት ቀላል ነው፣ ያምራልም፤ ነገር ግን የፈራ ውሻ ዚፑን በጥርሱና በጥፍሩ ይከፍተዋል፣ ጨርቁ ሽንት ከመጠጠ ደግሞ ሽታው አይለቅም። የፕላስቲኩ ጨለም ስለሚል ለዓይን አፋር ውሻ ይስማማል፤ ውስጡን ለማየት ግን መጎንበስ ስለሚጠይቅ ተቅማጥ ወይም ትውከት መኖሩ ዘግይቶ ይታወቃል። አዲስ ለገባ ውሻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሽቦው በሁሉም በኩል ያሳያል፤ መሸሸጊያ ሲያሻው ከላይና በሦስት ጎን ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ነው። ለመኪና ጉዞ ግን አይታመንም፤ በግጭት ጊዜ ይጨማደዳል።

ጉድለቶቹን እንይ። የታችኛው የፕላስቲክ ትሪ ውሻው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኳኳል፣ ድምፁም ፈሪውን ያባንነዋል። ከሥሩ ወፍራም ካርቶን ወይም አሮጌ ፎጣ ማንጠፍ ይፈታዋል። ጎኖቹ የሚያያዙት በሽቦ መንጠቆ ነው፤ አንዱ በደንብ ካልገባ ማዕዘኑ ይላቀቅና ውሻው ጭንቅላቱን ያሾልካል። ስለዚህ ከዘረጋችሁት በኋላ አራቱንም ማዕዘን ሳብ ሳብ አድርጉ። ከሁሉ የከፋው የአንገት ቀበቶ ነው፦ የተንጠለጠለው የስም ምልክት በሽቦዎቹ መካከል ተሰክቶ ከተያዘ ውሻው ይታነቃል። ክሬት ሲገባ አንገቱም ደረቱም ባዶ ይሁን። ለሽርሽርም ቢሆን ለእነዚህ ትንንሽ ዝርያዎች ሊሹን (መጎተቻ ገመዱን) ከአንገት ሳይሆን ከሃርነስ፣ ደረቱን ከሚያቅፈው ማሰሪያ፣ ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ የአየር ቧንቧቸው በቀላሉ ይጎዳል።

ዕቃው የሚመሰገነው ወይም የሚወቀሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አያያዝ ነው። በሩን ተወዛውዞ እንዳይመታው ከፍታችሁ እሰሩት። ምግቡን ሁሉ እዚያው ስጡት፤ መጀመሪያ በሩ አጠገብ፣ ቀስ በቀስ ወደ ውስጠኛው ጥግ። ሳያመነታ ገብቶ መብላት ሲጀምር በሩን ለጥቂት ሰከንድ ዝጉና በልቶ ሳይጨርስ ክፈቱ። ከዚያ ለደቂቃ፤ ከዚያ ደግሞ ከክፍሉ ወጣ ብላችሁ ተመለሱ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሰከንዶቹን ዘሎ በመጀመሪያው ቀን ቆልፎበት ሥራ ሲሄድ ነው። ሌሊት ክሬቱ ከአልጋችሁ አጠገብ ይሁን፤ ሳሎን ብቻውን የተተወ ውሻ ሲጮኽ ያድራል፣ አፓርታማ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት ዝም አይልም። ቀን ላይ ለአዋቂ ውሻም ቢሆን ከ4 ሰዓት በላይ አትዝጉበት።

ለሁሉም ውሻ ግን አይሆንም። ቡችላ ለገበያ በጅምላ ከሚራባበት ቦታ የወጣ ውሻ ዕድሜውን በሽቦ ውስጥ ስለኖረ በተኛበት መሽናትን ለምዷል፤ «ውሻ መኝታውን አያቆሽሽም» የሚለው ደንብ እሱ ላይ አይሠራም። ለእሱ ተጣጣፊ አጥርና የሽንት ፓድ ይሻላሉ። ሲዘጋበት ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ ሽቦ የሚነክስ፣ ጥፍሩን የሚያደማ ውሻም እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ተሸብሮ ነው። «ይለምደዋል» ብሎ መቀጠል ጥርሱን ያሰብረዋል። በዚያው ቀን ለድርጅቱ አስተባባሪ ንገሩ።

ክሬቱ ለጤና ክትትልም ያገለግላል። የሼልተር ሳል (ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የመተንፈሻ በሽታ) ውሻው ከተጋለጠ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚታይ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ ክሬቱን ለሁለት ሳምንት ያህል በተለየ ክፍል አድርጉ፤ የውሃ ዕቃም አይጋሩ። ምን ያህል እንደበላም በግልጽ ታያላችሁ። ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ቡችላ ምግብ ሲያልፈው የደም ስኳሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከተንገዳገደ ወይም ከዛለ ድዱን ትንሽ ማር ቀብታችሁ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት። አልበላም አለ ብላችሁ ወጥ አታቅምሱት፦ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሉን ይጎዳል፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ቤት ሲፈለግለት ክሬት መልመዱ ዋጋ አለው። ከ1996 ጀምሮ የሚሠራውና ከ2013 ወዲህ የእንስሳት ምግብ አምራቹ የፑሪና ንብረት የሆነው ፔትፋይንደር፣ ቤት ለሚፈለግላቸው እንስሳት የተከፈተው ድረ ገጽ፣ ማስታወቂያ የሚቀበለው ከሼልተሮችና እንስሳትን ከሚታደጉ ድርጅቶች እንጂ ከግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ፎቶውንና ጽሑፉን ለአስተባባሪው ትልካላችሁ። «ክሬት ለምዷል» ብቻ አትበሉ፤ «ሌሊት በሩ ተዘግቶ ያድራል፣ ቀን ሦስት ሰዓት ብቻውን ሲቀር አይጮኽም» በሉ፣ እውነት ከሆነ። የአፓርታማ ነዋሪ የሚፈልገው ይህን ነው። ክብደቱንም ጻፉ፤ ገደብ ያላቸው አከራዮች አሉ። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን፣ በውሻው ዓይን ቁመት ተንበርክካችሁ አንሱ። ከሽቦ ጀርባ የተነሳ ፎቶ በፍጹም አትላኩ፤ እስረኛ ያስመስለዋል። ውሻው በሕግ የድርጅቱ ስለሆነ ለምታውቁት ሰው በራሳችሁ አሳልፋችሁ መስጠት አትችሉም፤ ጠያቂውን የሚመረምረውም ውሉን የሚያስፈርመውም ድርጅቱ ነው። በርክክቡ ቀን የማይክሮቺፑ (ከቆዳው ሥር የተቀበረው መለያ) ምዝገባ በአዲሱ ባለቤት ስም መዞሩን ጠይቁ፤ ቺፑ ቁጥር እንጂ አድራሻ አልያዘም።

የተኛበትን ብርድ ልብስ ሳታጥቡ አብራችሁ ስጡት፤ የሚያውቀው ሽታ አዲሱን ቤት ያቀልለታል። ክሬቱን ግን አስቀሩትና በሳሙና ካጠባችሁ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ አርጥቡት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት። ጥቁሩ ልባስ የተላጠበት ቦታ ይዝጋል፣ በተለይ ውሾች የሚነክሱት በሩ ዙሪያ። ዝገቱ የሾለ ጫፍ ካወጣ ለሚቀጥለው ውሻ አታውርሱት።