እኛን ዓለም ላዞረችን ትኬት ቆራጭ ምስጋናዬ ይድረስ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደውላ «አክስቴ፣ ያኔ እናንተን ዓለም ያዞረቻችሁ ትኬት ቆራጭ አሁንም ትሠራለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት ጓደኛዋ ከባለቤቷ ጋር በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶቻቸውን በአንድ ጉዞ ሊያዩ አስበው ኖሯል። ስልክ ቁጥሯን ሰጥቻት ከዘጋሁ በኋላ ደነገጥኩ። ይህችን የአውሮፕላን ትኬት ቆራጭ ቤታችን ውስጥ ስናነሳት፣ ስንመርቃት ኖርን እንጂ በአደባባይ አመስግኛት አላውቅም። ዘግይቶም ቢሆን ይኸው።

ቢሮዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ከአንድ የባልትና ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ፈቃዷን አከብራለሁ። በሰፈራችን «የትኬቷ ልጅ» ሲባል የማያውቃት የለም።

እናቴ የምትኖረው ጎንደር ነው። እህቴ ፍራንክፈርት፣ ታላቅ ወንድሜ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ፉትስክሬይ ሰፈር፣ የባለቤቴ የእህት ልጅ ደግሞ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ናቸው። አብሮ አደጌ፣ ጎንደር አጥር ለአጥር ያደግን ቤተ እስራኤል፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ሄዳ ኔታንያ ትኖራለች። እሷን ካየሁ 32 ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ወንድሜን ካየሁት 14 ዓመት። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ለባለቤቴ «ሁሉንም ሳላይ አልሞትም» አልኩት፤ እሱም «እንግዲህ ትኬት እንቁረጥ» አለኝ።

መጀመሪያ በራሳችን ሞከርነው። ከዚያ በፊት አንዴ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ ሁለት በረራ ለየብቻ ገዝቼ፣ የመጀመሪያው ሰዓቱ ሲቀየር ሁለተኛው አምልጦኝ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው አጥቼ ገንዘቤ ቀርቶ ነበር። ትዝ ሲለኝ እጄ ከኮምፒውተሩ ላይ ተነሳ። ቅዳሜ ዕለት ተያይዘን ወደ ልጅቷ ሄድን።

የምንሄድባቸውን ከተሞች በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። አንብባ ዝም አለች። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ ደርሶ መልስ ትኬት አይደለም፤ ይሄ ዓለምን የሚዞር ነው» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ትኬት መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አየር መንገዶች በማኅበር ተሰባስበው በጋራ የሚሸጡት ትኬት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለበት ስታር አሊያንስ አንዱ ነው፤ ዋንወርልድ የሚባለውም የራሱ አለው። እሷ ያስረዳችን የስታር አሊያንሱን ነበር። ጉዞው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ወይ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ። አትላንቲክንም ፓስፊክንም አንድ አንድ ጊዜ ማቋረጥ ግድ ነው። ከተነሱበት አገር ተመልሶ ማለቅ አለበት። ትኬቱ እስከ 16 በረራ ይይዛል፤ ጊዜው እስከ አንድ ዓመት ነው። ዋጋው ደግሞ በጠቅላላ ርቀት በእርከን ይወጣል፤ የእኛ ጊዜ ከእርከኖቹ መካከል 29,000፣ 34,000 እና 39,000 ማይል ነበሩ። ከ29,000 አንድ ማይል ካለፉ የ34,000ውን ይከፍላሉ።

የልጅቷ ሙያ የታየኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ የጻፍኩት ከዋሽንግተን ፍራንክፈርት፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ባንኮክ፣ ሜልበርን፣ ኦክላንድ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዋሽንግተን የሚል ነበር። ስትደምረው ወደ 29,800 ማይል መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን «34,000ው እርከን ነው» ብሎ ሂሳቡን ይቀበለን ነበር፤ እኛም ከፍለን እንሄድ ነበር፤ ምኑን እናውቃለን? እሷ ግን እርሳሷን አንስታ ቴል አቪቭን ከአዲስ አበባ በፊት አደረገችው። ከፍራንክፈርት ቴል አቪቭ፣ ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ። ከፍራንክፈርት በቀጥታ አዲስ አበባ ከመሄድ የሚበልጠው በ120 ማይል ገደማ ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ነዋ። ድምሩ ወደ 26,700 ወረደ። በተረፈው ማይል «እንዲያውም ጎንደርን ትኬቱ ውስጥ እናስገባው፤ ደርሶ መልሱ ወደ 520 ማይል ነው» አለችና ጨመረችው። አሥር በረራ፣ ከ29,000 በታች። የአንዲት ከተማ ቦታ በመቀየሯ ብቻ የቀረልን ገንዘብ ለሁለታችን ብዙ ነበር።

ባለቤቴ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ለምኖ ወስዶ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እስካሁን አለ።

በረራዎቹን ስትይዝም ከዋሽንግተን አልጀመረችም። ከኦክላንድ ሎስ አንጀለስ ያለውን ነው መጀመሪያ የያዘችው። «ጥርና የካቲት እዚያ በጋ ነው፣ ሰው ይበዛል። እንዲህ ዓይነት ትኬት የሚገባበት የመቀመጫ ክፍል ቶሎ ያልቃል፤ የሚጠበውን ይዘን የሚሰፋውን በኋላ እናስተካክላለን» አለች። የቀሩትን በዚያ ቀን ላይ ተንተርሳ ወደ ኋላ እየቆጠረች ሞላች። ከኦክላንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ተነስተን፣ በዚያው ዕለት ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሎስ አንጀለስ እንደምንገባ ስትነግረን ልንቀበላት አልቻልንም ነበር፤ የቀን መለወጫው መስመር ፓስፊክ ላይ ስለሆነ ነው። እኔ ለልጄ «በማግስቱ ተቀበይን» ብዬ ልነግራት ነበር።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ደግሞ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ስንቱ ሰው ተሰናክሏል። ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለን፤ ለኢትዮጵያ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ አለን። እሷ ግን «ከኢትዮጵያ ስለምትነሱ የቢጫ ወባ ክትባት ያስፈልጋችኋል» አለችን። ታይላንድም አውስትራሊያም ኢትዮጵያ ውስጥ ቆይቶ በቀጥታ ለሚገባ መንገደኛ የክትባቱን ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ አንዴ ከተሰጠ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ነው። እኔ ነርስ ሆኜ ስኖር ይህ አልታሰበኝም ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ስለሆንን ክትባቱን ከመውሰዳችን በፊት ሐኪም እንድናማክርም አሳሰበችን፤ አማክረን ተከተብን። ባንኮክ ስንገባ የተጠየቅነው በእርግጥም ያንን ካርድ ነው። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ በስልክ የሚሞላውን የመግቢያ ፈቃድ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ አስሞላችን፤ ለዚህ አንድ ሳንቲም አልጠየቀችም።

ለወንድሜ ከእማዬ ቤት በርበሬ፣ ሽሮና ንጥር ቅቤ ልወስድ ማሰቤን ስነግራት «እትዬ፣ ቅቤውን ይተዉት» አለችኝ። አውስትራሊያ ከኢትዮጵያ የሚመጣ የወተት ተዋጽኦ አታስገባም። «በርበሬውንና ሽሮውን ግን አይደብቁ፣ ቅጹ ላይ አለኝ ብለው ይጻፉ» አለችኝ። ጻፍኩ። ሜልበርን ላይ ከፍተው አይተው፣ አሽትተው፣ አሳለፉን። ወንድሜ ያንን የበርበሬ ከረጢት ደረቱ ላይ ይዞ ሲያለቅስ ያየሁት ይበቃኛል።

በ2015 ዓ.ም. ገና ማግስት ተነሳን። ፍራንክፈርት እህቴ ጋ ቆየን። ቴል አቪቭ አውሮፕላን ማረፊያ አብሮ አደጌ ከአራት ልጆቿ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ፤ ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ እዚህ አይበቃም። ለከተራ ጎንደር ደረስን። ጥምቀትን ከእማዬ ጋር ፋሲለደስ መዋኛ ዋልን።

ጥር 20 ላይ እማዬ ታመመች። ሳንባ ምች ነበር፤ 86 ዓመቷ ነው። የእኛ በረራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከሐኪም ቤት ግቢ ለልጅቷ ደወልኩ፤ ሜሪላንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሆኑን ያሰብኩት ስልኩ ከጠራ በኋላ ነው። አነሳችው። ከእንቅልፏ መነሳቷ በድምፅዋ ያስታውቃል። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ትኬቱ አይደለም፤ «እማማ ምን ሆኑ?» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ያለችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እትዬ፣ ዝም ብላችሁ እንዳትቀሩ። አንዱን በረራ ሳታሳውቁ ከቀራችሁ ተከታዮቹ ሁሉ ይሰረዛሉ። እኔ አሁን እነሳለሁ፤ እርስዎ እናትዎ ጋ ይሂዱ።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ለእማዬ ብዬ ዝም ብዬ ብቀር ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን ያሉት ስድስቱም በረራዎች ይሞቱብን ነበር።

ቀን መቀየር በዚህ ትኬት፣ ያው የመቀመጫ ክፍል ከተገኘ፣ ቅጣት የለውም፤ ክፍያ ያለው መንገዱ ሲቀየር ነው። ችግሩ መቀመጫው ነበር። አምስቱን በረራ በዘጠኝ ቀን ወደ ፊት አሻገረቻቸው፤ የኦክላንዱ ግን ሞልቷል። በሌላ መንገድ ብንመለስ ትኬቱ እንደገና ተሠርቶ ልንከፍል ነው። እሷ ሦስት ቀን በተከታታይ እየገባች አየች፤ በአራተኛው ቀን ሁለት መቀመጫ ተለቀቀ፣ ካሰብነው ሦስት ቀን ዘግይቶ። ኦክላንድ ላይ የተጨመሩትን ሦስት ቀናት ከባለቤቴ የእህት ልጅ ጋር አሳለፍናቸው። የሎስ አንጀለስ ዋሽንግተኑንም ከዚያ ጋር አስማማችው፤ ሎስ አንጀለስ ላይ ፓስፖርት አስመትቶ፣ ሻንጣ ወስዶ እንደገና ማስረከብ ስላለ አራት ሰዓት ክፍተት ተወችልን። ሦስት ሰዓት ተኩል ወሰደብን።

በነዚያ ዘጠኝ ቀናት እማዬ አገገመች። እኔ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ስለ ትኬት አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስብ፣ ገንፎዋን እየሰጠኋት፣ ውኃዋን እያቀረብኩላት ነበርኩ። አሁን 89 ዓመቷ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ልጅቷ የአገልግሎት ዋጋ ትወስዳለች፤ ደረሰኙ ላይ ከአየር መንገዱ ዋጋና ከግብሩ ለይታ ትጽፈዋለች። ለሌሊቱ ሥራዋ ልከፍላት ስል አልተቀበለችኝም። ደግሞ የማይሆነውን አትሸጥም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጃችን ፍራንክፈርትና አዲስ አበባ ብቻ ለመሄድ ይህንን ትኬት ሲጠይቃት «ጋሼ፣ ለእርስዎ አያዋጣም፤ መንገድ ላይ የሚያርፉበት ተራ ደርሶ መልስ ይረክስልዎታል» ብላ መልሳዋለች። በሦስትና በአራት አህጉር ዘመድ ለተበተነበት ሰው ግን ለየብቻ ከመግዛት ጋር አነጻጽራ በወረቀት ታሳያችኋለች።

ወደ እሷ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከተሞቹን ብቻ ሳይሆን የትኛው ቀን ፈጽሞ እንደማይነካ ጽፋችሁ ሂዱ፤ የእኛ ከተራ ነበር። ሌላው ሊገፋ እንደሚችል ንገሯት። ጊዜም ስጧት፤ እኛ እሷ ጋ የሄድነው ጉዞው ሰባት ወር ሲቀረው ነው። ደንቦቹ በየጊዜው ስለሚነኩ እኔ የጻፍኩትን ሳይሆን እሷ የምትላችሁን ያዙ። ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ሰው ይቀላል፤ ቅዳሜ ግን ደረጃው ላይ ቆማችሁ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

አንቺም ይህን የምታነቢ ከሆነ፦ እማዬ በሰው የላከችልሽ ጋቢ ማክሰኞ ደርሷል። ጥጡን ራሷ ነው የፈተለችው፤ ከሕመሟ ወዲህ ስትፈትል የመጀመሪያዋ ነው። «ሌሊት ለተነሳችልኝ ልጅ» ብላ ነው የላከችው። ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።