ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ማደንዘዣ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ልጅ

የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ ተወልጄ ያደግኩት ግን ደብረ ብርሃን ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ለአምስት ሳምንት አገሬ ገብቼ ነበር። የመጣሁት ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አልነበረም። ስዊድን ውስጥ በመንግሥት ወጪ የሚሰጠኝ የአይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝቶ ጽንስ የሚፈጠርበት ሕክምና) ሙከራ ስላለቀብኝ፣ አዲስ አበባ በአንድ የግል ማዕከል ልሞክር ብዬ ነው። እንቁላሎቹን የሚያሳድገውን መርፌ እናቴ ቤት ሆኜ እየተወጋሁ፣ ለክትትል 130 ኪሎ ሜትሩን እየተመላለስኩ ጨረስኩት። እንደ እኔ ከውጭ መጥታ ይህን ልታደርግ ያሰበች እህት ብትኖር ትጠቀምበት ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መኪናውን በኮንትራት ነው የያዝነው። ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳው ሚኒባስ ርካሽ ቢሆንም እንቁላል ማምረቻው በመድኃኒት ካበጠ በኋላ ተጣብቦ መቀመጥ አይቻልም። ባጃጅም ተዉ። ኮብልስቶን ላይ አንድ ቀን ተሳፍሬ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ነው የወረድኩት። መድኃኒቱን ያስቀመጠልኝ ፋርማሲ ግን ምስጋና ይገባዋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበትን መርፌ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እያስነሱ ጠብቀውልኛል።

መጀመሪያ መርፌ ልወጋ የሄድኩበት ክሊኒክ ግን አሳዝኖኛል። የካርድ ክፍሏ ልጅ ሰው በሞላበት ኮሪደር ላይ «የመካንነት ሕክምና የምትከታተለዋ የታለች?» ብላ ጮኸች። ከተቀመጡት መካከል የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነበረች። ለዘመዶቹ አንድም ቃል ያልተነፈስነው ነገር በዚያች ደቂቃ ወጣ። ተነስቼ ወጣሁና ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር በሩን ዘግታ፣ ስሜን ብቻ ጠርታ፣ መርፌውን ትወጋኛለች። የመጨረሻውን መርፌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ቤት ድረስ መጥታ ሰጥታኛለች። ይህኛው መርፌ ሰዓቱ አይዛነፍም፤ ከተወጋሽ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሉ መውጣት አለበት። ስልኬ 22፡00 ይላል፣ ወረቀቱ ላይ «ማታ 4» ይላል፤ እሷ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችልኝ። ከውጭ የመጣ ሰው በሰዓት አቆጣጠር መሳሳቱ ቀላል ነውና ይህን ማንም እንዲያስብልኝ አልጠበቅኩም ነበር።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ልመለስ።

ልጅ ሆኜ የሰፈራችን አንዲት እናት እንቅርት ሊያስወጡ ገብተው ሳይነቁ ቀሩ። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ «በማደንዘዣው ሄደች» ሲሉ እናቴ ቀሚስ ሥር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የኖረው። ስዊድን እንቁላል ሲያወጡልኝ ሙሉ በሙሉ አላስተኙኝም። በደም ሥር የሕመም ማስታገሻ፣ በማሕፀን በር አካባቢ ደግሞ የሚያደነዝዝ መርፌ ሰጥተው ነቅቼ ነው ያለፈው። አመመኝ፣ ግን ነቅቼ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ማዕከል «ተኝተሽ ነው የሚሠራልሽ» ሲለኝ ሌሊት እየባነንኩ መነሳት ጀመርኩ። ማን እንደሚያስተኛኝ ስጠይቅ «የዚያን ዕለት ጠዋት ታገኚዋለሽ» አሉኝ። ይህ ነው ቅር ያለኝ። በፍርሃት ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ጋውን ለብሶ፣ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሲስተር ይህን ሰምታ «እኛ ጋ ቅዳሜ ከሰዓት የሰመመን ባለሙያ ይመጣል፤ ለምን አታናግሪውም?» አለችኝ። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በዩኒቨርሲቲው የአሥራት ወልደየስ ካምፓስ አንስቴዥያ (የሰመመን ሙያ) የተማረ ወጣት ነው። የካርድ ብቻ አስከፍለውኝ ከአርባ ደቂቃ በላይ አብሮኝ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ጣቴ ላይ ኦክስጅን የሚለካውን መቆንጠጫ አደረገ። 93 አለ። ስዊድን ሁልጊዜ 98 እና 99 ስለነበር ልቤ ቀጥ አለ። «እህቴ፣ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያሉት። አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ጤነኛ ሰው እዚህ እንዲህ ቢያሳይ አይደንቅም» አለኝ። እናቴን ጠርቶ የእሷንም ለካ፤ እሷም 94 ነበረች።

ከዚያ ጥያቄዎቹን ጀመረ፦ በፊት ተኝተው ያውቃሉ? አስም አለ? የሚነቃነቅ ጥርስ? ቤተሰብ ውስጥ በማደንዘዣ የተቸገረ አለ? ቀጥሎ ያልጠበቅኩትን ጠየቀ። «የዚያን ዕለት ጠዋት ጸበል ጠጥተው ነው የሚመጡት?» እናቴ ከጻድቃኔ ማርያም በሁለት ሃይላንድ ቀድታ ያመጣችው ጸበል አልጋዬ ሥር ነበር። እንዴት አወቀ ብዬ አየሁት። «ሰው ውሃ ጠጥተሃል ሲባል አልጠጣሁም ይላል፤ ጸበል ከውሃ አይቆጠርለትም» አለ። ምክንያቱንም ነገረኝ፦ ሰው ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ምግብም ወተትም ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። «ቀጠሮው 4 ሰዓት ከሆነ ጸበሉን ከ2 ሰዓት በፊት ጥቂት ይጎንጩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እማማም ቢለምኑዎት እሺ እንዳይሉ» ሲል እናቴ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ብናገር አትሰማኝም ነበር።

ስለ ጎረቤታችንም ነገርኩት። አላጣጣለውም። «የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ለእርስዎ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ እንቅልፍ ነው። የሚተነፍሱት ራስዎ ነዎት። አደጋ ፈጽሞ የለም አልልዎትም፤ ለዚህ ነው የሚያስተኛዎት ሰው እስኪነቁ ድረስ ከራስጌዎ የማይንቀሳቀሰው» አለኝ። መድኃኒቱ ፕሮፖፎል ከሆነ ወተት የመሰለ ነጭ እንደሆነ፣ ሲገባ ክንድ ላይ እንደሚያቃጥልም ነገረኝ። ማደንዘዣው እንቁላሉን ይጎዳው እንደሆነ ጠየቅኩት፤ በዚህ መጠንና በዚህ አጭር ጊዜ ይጎዳል የሚል ግልጽ ማስረጃ የለም አለኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር፤ ሁለቱንም አፍሬ ነው የጠየቅኩት። ተኝቼ ምስጢር አወራ ይሆን? ካርድ ክፍሉ በር ላይ ከደረሰብኝ በኋላ ይህ ያስጨንቀኝ ነበር። «ሲነቁ አንዳንድ ሰው ያጉተመትማል፤ የሰማነው ከክፍሉ አይወጣም» አለኝ። ሁለተኛው ስለ ማተቤ ነበር። «ብረት ነገር ካለበት ያውልቁት እንጂ ክሩን ማንም አይበጥስብዎትም። አስቀድመው ይንገሯቸው።» ስንወጣ የጥፍሬን ቀለም እንዳስለቅቅ፣ እናቴ እንሶስላ ልትሞቅልኝ ካሰበችም ሌላ ቀን እንድታደርገው አሳሰበን፤ ጣት ላይ ያለው መለኪያ እንዳይሳሳት ነው።

የዕለቱ ነገር አጭር ነው። ማታውን አዲስ አበባ አደርን። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከጸበሉ ሦስት ጉንጭ ጠጣሁና ሃይላንዱን ለእናቴ መለስኩላት። የስምምነት ቅጹን በእንግሊዝኛ፣ አልጋ ላይ ካወጡኝ በኋላ ነው የሰጡኝ፤ ይህ መታረም አለበት፤ ከእኔ ቀጥላ የነበረችው ልጅ ምን እንደፈረመች አታውቅም። እኔ ግን የምጠይቀውን አውቅ ነበር። ማተቤን አሳየኋቸው፤ ነርሷ በፕላስተር ትከሻዬ ላይ ለጠፈችልኝ። ነጩን መድኃኒት አየሁት፣ ክንዴን አቃጠለኝ፣ «ይሄው ነው» አልኩ በልቤ። ከዚያ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ መጀመሪያ የነካሁት ትከሻዬን ነው። ክሩ አለ። ባለቤቴ ሁለት ቃል ብቻ ነው ያወራሽው አለኝ፦ «ብርድ ነው፣ ብርድ ነው» ስል ነበር። በሕክምና ባለሙያዎቹ ምክር መሠረት ያን ዕለት መንገድ አልጀመርንም፤ ደብረ ብርሃን የተመለስነው በማግስቱ ነው። ጽንሶቹ ቀዝቅዘው ተቀምጠውልኛል፤ ግንቦት ላይ ለማስገባት እመለሳለሁ፤ ለዚያ ማደንዘዣ አያስፈልግም ብለውኛል። የሰመመን ባለሙያው አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት አለ፤ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ያዙ፤ እናታችሁንም ይዛችሁ ግቡ።