ለሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጅ የባሕር ዳር ማሠልጠኛ

ልጄ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ማጥናት ስለምትፈልግ፣ ለመግቢያ ፈተናው እንድትዘጋጅ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ ማሠልጠኛ አስገብተናት ነበር። የማሲንቆ መምህሩ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ የደጋኑ ጭራ ዕጣን ሲያንሰው ድምፁ እንደሚጠፋ በእጇ እንድታየው ካደረገ በኋላ፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ጣቶቿ ሳታይ ቦታቸውን እስኪያገኙ ድረስ አንድ በአንድ አስጠንቷታል። የኖታ ንባቡ ግን ለይስሙላ የሚሰጥ ነው፤ ቅኔ በሚዘረፍበት በጎጃም የሰለጠነ ጆሮ ባይጠፋም፣ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ ማንበብም ይጠበቅበታል። ክፍያው ወደድ ይላል። ለማሲንቆና ለክራር እመክረዋለሁ፤ ፒያኖ ለሚፈልግ ግን፣ መሣሪያው ቃናው እስኪስተካከል ድረስ፣ ሌላ ቦታ መጠየቅ ይሻላል።